የሦስተኛው መስመር ስም

ጥቅምት 4 ቀን

ማሙሽ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቴን ትላለች እንጂ ሌላ ምንም አትልም። ሰላምታው በዚህ ይብቃን። ለአባዬ ቀብር ሳትመጣ ከቀረህ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ተዘጋግተን ከርመን፣ ዛሬ አንድ ገጽ ሙሉ እንደምን አለህ፣ እንደምን ሰነበትክ ብልህ ሹፈት ነው የሚመስለው።

የጻፍኩልህ ስለ ሦስተኛው የባቡር መስመር ነው። አዎ፣ ያው መስመር። ዋሻው ከተደረመሰ በኋላ ለአሥር ዓመት ተጥሎ ኖሮ፣ ሥራው እንደገና ተጀምሮ ዘንድሮ አለቀ። በመጋቢት ሰው ይሳፈርበታል። እስከ ዛሬ መስመሮቻችን በወረቀት ላይ አንደኛና ሁለተኛ ነው የሚባሉት። ሕዝቡ ግን አንደኛውን «ትሏ» ይለዋል፣ ስለሚንፏቀቅ። ሁለተኛውን «አዙሪት» ይለዋል፣ ከገቡበት በኋላ መውጫው ስለሚጠፋ። አለቆቻችን በዚህ አፈሩና ለእያንዳንዱ መስመር የአንድ ታላቅ ሰው ስም ይሰጠው ብለው ኮሚቴ አቋቋሙ። የስያሜ ክፍሉ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፤ በየጣቢያው ግድግዳ ላይ በመስታወት ውስጥ የሚቀመጠውን የባለ ስሙን የሕይወት ታሪክም አዘጋጃለሁ።

ለሦስተኛው መስመር የማን ስም እንደቀረበ ገምት። እኔ አልጽፈውም፣ እጄ እምቢ አለኝ። ሰውዬው ነው። የያኔው ዋና መሐንዲስ።

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። የቁፋሮው ፎርማን አባዬ ነበር። ግድግዳው ውሃ እያመጣ ነው፣ ሥራው ይቁም ብሎ በሥራ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ሰውዬው ከሥሩ «ይቀጥል» ብሎ ፈረመበት። በሦስተኛው ቀን ዋሻው ተደርምሶ አራት ሰው ቀበረ። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ሰውዬው «ያስጠነቀቀኝ የለም፤ ደብተር የሚባል ነገር በዓይኔ አላየሁም» አለ። ደብተሩ ደግሞ ከቤታችን ጠፋ። አባዬ ሦስት ዓመት ታሰረ። ከወጣ በኋላ ሁለት ዓመት የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ቆይቶ ሞተ።

የአዲሱ ጣቢያ መውጫ ከበራችን አርባ እርምጃ ነው። ድምፅ ማጉያውን እየሞከሩት ስለሆነ የሰውዬውን ስም በየስድስት ደቂቃው እንሰማዋለን። እማዬ መስኮቱን ዘግታ ትራስ ደግፋበታለች።

ደንቡ ግን አንድ ነገር ይላል። የቀረበው ስም ዘጠና ቀን ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ማስረጃ ያለው ሰው እስከ ታኅሣሥ 20 ድረስ መቃወም ይችላል። ያንን አንቀጽ ረቂቁ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሰብሳቢያችን አንብበው «ጎበዝ፣ ጥሩ አስበሻል» አሉኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ እዚህ መሥሪያ ቤት ማህደር ስሸከም የኖርኩት ያለ ምክንያት መሰለህ? የአባቴን ስም አይተው እንኳን የጠረጠሩኝ የሉም፤ በዚህ ከተማ በዚያ ስም የሚጠራ ሰው ሞልቷል።

አባዬ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው፣ «ደብተሩ የት እንደገባ ማሙሽ ያውቃል፤ አንቺ ግን አትጠይቂው» ብሎኝ ነበር። አንተን ከአደጋ ሊጠብቅ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ እጠይቅሃለሁ። ደብተሩን ላክልኝ። ስልክ እንዳትደውል፤ ስትንተባተብ መስማት አልፈልግም። የምትለውን ሁሉ በወረቀት በለኝ።

እህትህ


ጥቅምት 17 ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እማዬስ እንደምን ናት? ጉልበቷን የሚያማት ቀኙን ነው ግራውን? ያ የኩሽናው ጣራ ተጠገነ ወይስ አሁንም ባልዲ ትደቅናላችሁ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍሽን ሳይ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሳልከፍተው ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ የምጓጓለት ደብዳቤ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ባሕር ላይ መውጣቱን ትቻለሁ። አሁን ወደቡ ላይ ባለው ማሠልጠኛ የመርከብ ሞተር አስተምራለሁ። አርባ ሠልጣኞች አሉኝ፤ ሲያዩኝ ብድግ ይላሉ። ብታዪኝ ትስቂ ነበር።

ስለ ደብተሩ ያልሽው፣ ዕቃዬ በየቦታው ተበታትኗል፤ እስቲ ልፈልግ። ግን እትዬ፣ አስበሽበታል? ሥራሽን ብታጪስ? ሰውዬው እኮ አርጅቷል። ደግሞስ ስም ምን ያደርጋል? የብረት ሳጥን ላይ የሚጻፍ ነገር ነው። ሰው ተቻኩሎ ይገባል፣ ተቻኩሎ ይወርዳል፤ ማን ያነበዋል?

ለእማዬ የሱፍ ሻርፕና ለጉልበቷ የሚሆን ቅባት ልኬያለሁ። ቅባቱን ጠዋት ጠዋት ትቀባው፣ እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች ይምሉበታል።

ወንድምሽ


ኅዳር 1 ቀን

ማሙሽ፣

ሻርፑም ቅባቱም ደርሷል። ተከትላ የመጣችው አጭር ደብዳቤህም ደርሳኛለች። «ሰውዬው አግኝቶሽ ያውቃል? ስለ እኔ የነገረሽ ነገር አለ?» ትላለህ። ስለ አንተ ምን ሊነግረኝ? ለምን እንደጠየቅከኝ አልገባኝም። ግን ከጠየቅክ ልንገርህ።

ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዬ መጣ። ኮቱ በብሩሽ ተመትቷል፤ ፎቶግራፉን በፖስታ ይዟል። ወንበር ሳብኩለት።

«ልጄ፣ የሕይወት ታሪኬን የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉኝ። አታስረዝሚው፤ ሰው ባቡር እየጠበቀ ነው የሚያነበው» አለኝና ራሱ ሳቀ።

«ስለ ዋሻው አደጋ ምን ልበል?» አልኩት።

«እሱን እንኳን ተይው። ‹ብዙ ፈተና አልፈው› ብትዪ ይበቃል።»

«አራት ሰው ሞቷል እኮ ጌታዬ።»

«አንድ ግዴለሽ ፎርማን ነበረ። ሕግ ቀጥቶታል። እኔ በሞተ ሰው ላይ አፌን አልከፍትም» አለ። ከዚያ መነጽሩን አስተካክሎ አየኝ። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የፎርማን ልጅ ነኝ» አልኩት።

ትንሽ ያፍራል ብዬ ጠብቄ ነበር። ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው። ይህን ከተማ የሠሩት ፎርማኖች ናቸው» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወጣ። ቀሚሱን ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ ግን መልሼ የምለብሰው አይመስለኝም።

ስለዚህ «አርጅቷል» እያልክ አትለማመጥልኝ። አባዬ ለማርጀት እንኳን አልደረሰም። «ስም ምን ያደርጋል» ያልካትንም ሦስት ጊዜ አነበብኳት። የገዳዩ ፎርማን ልጅ ተብሎ ከእግር ኳስ ሜዳ እያለቀሰ የመጣው ማን ነበር? እኔ ነበርኩ?

ደብተሩ የት ነው? ከእንግዲህ ሻርፕ አትላክልኝ።

እህትህ


ኅዳር 12 ቀን

እትዬ፣

ደብተሩ እኔ ጋ የለም። ብፈልግም አላገኘውም። ለሰውዬው ሰጥቼዋለሁ።

ይህንን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አሥራ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር። የባሕረኞች ማሠልጠኛው ሁለት ጊዜ መልሶኛል፤ ታስታውሻለሽ። ሰውዬው የማሠልጠኛው ቦርድ አባል ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ አገኘኝና ስሜን ጠርቶ ትከሻዬን ያዘኝ። «በአባትህ ጉዳይ አንተ ልትበላሽ አይገባም» አለኝ። «ቤት ውስጥ የሥራ ወረቀት ካለ አምጣልኝ። አባትህን ልረዳው የምችለው ወረቀቱ በእኔ እጅ ሲሆን ነው።»

አመንኩት ልልሽ እፈልጋለሁ። ግማሹን አምኜዋለሁ። ግማሹን ግን ያመንኩት ማመን ስለፈለግኩ ነው። ደብተሩን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከሸሚዜ ሥር፣ ደረቴ ላይ አድርጌ ወሰድኩለት። ቆሜ እያየሁት ገለጠው። «ይቀጥል» ያለበትን ገጽ ሲያገኝ አውራ ጣቱን ፊርማው ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ መሳቢያው ውስጥ ከትቶ ቆለፈበት። «በል ሂድ፣ ትምህርትህን ጠንክረህ ተማር» አለኝ። በሳምንቱ ተቀብለንሃል የሚል ደብዳቤ መጣልኝ።

ስለ እኔ ነግሮሽ እንደሆነ የጠየቅኩሽ ለዚህ ነው።

ይህን አንብበሽ ስታበቂ አቃጥዪው። እለምንሻለሁ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት። እዚህ ሰው አድርገው የሚያዩኝ ሰዎች አሉ።

ወንድምሽ


ኅዳር 23 ቀን

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ጽሑፍህም ይነበባል። ጥሩ ነው።

ከሁሉ ነገር አንድ ነገር ዘለሃል። ደብተሩን የሰጠኸው አባዬ ላይ ከመፈረዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በአንድ ቃል መልስልኝ።

እማዬ ደህና ናት።


ታኅሣሥ 4 ቀን

እትዬ፣

በፊት ነው። አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው።

አንድ ቃል ብለሽኛል፤ ግን አንድ ቃል አይበቃኝም። አባዬ ቤቱን ሲያገለባብጥ አብሬው ፈልጌያለሁ። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳ ያስለቀቅኩለት እኔ ነኝ። ፍራሹን ከእማዬ ጋር ያዝን። አንቺ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ታራግፊ ነበር። አባዬ በመጨረሻ መሬት ላይ ተቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ያን ጊዜ አልጋው ሥር ለሦስተኛ ጊዜ እየፈለግኩ ነበር፤ አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ። «በቃ ተዉት ልጆች፣ የለም» አለ። ያወቀው በዚያች ደቂቃ ነው።

እስር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ ጠየቅኩት። በሽቦው በኩል ስለ መርከብ ጠየቀኝ። ሞተሩ ስንት ሰው ያህል ይረዝማል፣ ማዕበል ሲሆን ምግብ እንዴት ትበላላችሁ አለኝ። ስለ ሌላ ነገር ትንፍሽ አላለም። ሳቅንም። ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ቀረሁ።

ለቀብሩ ያልመጣሁት መርከብ ላይ ሆኜ ነው ብያችሁ ነበር። ወደቡ ላይ ነበርኩ። ትኬቱን ቆርጬ፣ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ፣ አውቶቡሱ ሲሄድ ቆሜ አየሁት።

አሁን ሁሉንም አውቀሻል። የፈለግሽውን ስደቢኝ። ግን እነዚህ ሁለት ደብዳቤዎች በእኔና በአንቺ መካከል ይቅሩ። ለማንም አታሳዪ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 28 ቀን

ማሙሽ፣

አሳየሁ።

ሁለቱንም ደብዳቤህን ታኅሣሥ 18 በተቃውሞ ማስረጃነት አስገባሁ። ማክተሚያው ሁለት ቀን ሲቀረው። መዝገብ ላይ የተቀበልኩትም እኔው፣ ማህተም ያደረግኩበትም እኔው ነኝ። ኮሚቴው ታኅሣሥ 24 ተሰበሰበ። ሰውዬውም እንዲገኝ ተጠርቶ መጣ፤ ባለ ስሙ መልስ የመስጠት መብት አለው።

ሰብሳቢዋ «ተቃውሞ ያቀረበችው የራሳችን ጸሐፊ ናት። ይነበብ» አሉ። ብድግ ስል ሰውዬው ፈገግ አለልኝ፤ «ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኩት፤ የአባዬን ስም ከነአያቱ ጠራሁለት። ከዚያ አነበብኩ። የትኛውንም ቃል አልዘለልኩም፤ «በል ሂድ፣ ትምህርትህን ጠንክረህ ተማር» የሚለውን በራሱ ድምፅ አነበብኩለት። አይቸግረኝም፤ ድምፁን አሥራ አራት ዓመት ሳጠናው ነው የኖርኩት።

ሳልጨርስ ተነሳ። ጠረጴዛውን በጡጫ መታው።

«ውሸት ነው! ልጁን አላታለልኩትም! ራሱ ነው ደብተሩን ደረቱ ውስጥ ደብቆ ያመጣልኝ። እኔ አምጣ አላልኩትም!»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የትኛውን ደብተር?» አሉት።

ከፊታቸው ያለውን መዝገብ ገለጡ።

«ፍርድ ቤት ቀርበው ደብተር የሚባል ነገር በዓይኔ አላየሁም ብለዋል። የሰጡት ቃል ይኸው ከፊቴ አለ። ታዲያ ልጁ ያመጣልዎት የትኛውን ደብተር ነው?»

«እኔ... ማለቴ... ልጁ ለምኖኝ...» አለና ተቀመጠ። ውሃ ጠየቀ። ማንም አልተነሳም፤ እኔም ብሆን ጸሐፊ እንጂ አስተናጋጅ አይደለሁም። የተናገረውን ቃል በቃል ጻፍኩ። ከዚያ ደንብ ነውና አዙሬ አቀረብኩለት፤ እስክሪብቶዬንም ሰጠሁት። በአውራ ጣቱ ወረቀቱን ሲዳብስ አንተ የጻፍከውን አስታወስኩ። አልፈረመም። የኮሚቴው አባላት ግን አምስቱም ፈረሙ፤ እነሱ ይበቃሉ።

ደስ አለሽ ወይ ትለኝ ይሆናል። ደስ አለኝ። ደረጃውን ግድግዳ እየያዘ ሲወርድ ከላይ ሆኜ እስከ መጨረሻው እርከን አየሁት። ከንፈሬን እንኳን አልመጠጥኩም። ሰው ጠላቱን ሲበቀል ኋላ ባዶነት ይሰማዋል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ ግን አልተሰማኝም፤ ቤቴ ገብቼ ሁለት ሳህን በላሁ።

ስሙ ተሰረዘ። አንደኛው የኮሚቴ አባል «ታዲያ በአባትሽ ስም ለምን አይሰየምም?» አለኝ፤ ሌሎቹም ተስማሙ። እምቢ አልኩ። አራት ጓደኞቹ የሞቱበትን ዋሻ በእሱ ስም ብንጠራው አባዬ ከመቃብሩ ተነስቶ ይሰድበኛል አልኳቸው። ስም አይሰጠው፤ ሦስተኛ መስመር ይባል። ለምን ስም የለውም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግድግዳው ላይ ያንብብ።

የሚያነበው ደግሞ አለ። በደንቡ መሠረት የተሰረዘ ስም ከነምክንያቱና ከነማስረጃው ለዘጠና ቀን ይለጠፋል። ለሕይወት ታሪኩ በተዘጋጀው መስታወት ውስጥ አሁን ውሳኔው አለ፤ ከጎኑም የአንተ ሁለት ደብዳቤዎች። በአሥራ ዘጠኙም ጣቢያ። ባቡሩ ሥራ ሳይጀምር ሰው ለማየት እየተጋፋ ይገባል። «ለማንም አታሳዪ» ያልካት እንኳን አልተቆረጠችም።

ጉዳዩ ለዐቃቤ ሕግ ተልኳል። የአባዬ መዝገብ እንደገና ይከፈታል፤ ቀጠሮው የካቲት 10 ነው። ምስክር አድርገው ስምህን ጽፈዋል።

ይቅርታ አልጠይቅህም። አንተም እንዳትጠይቀኝ።

እህትህ


ጥር 22 ቀን

ማሙሽ፣

ሁለት መስመር ብቻ ያላት ደብዳቤህ ደረሰችኝ። ማሠልጠኛውን ለቅቄያለሁ ማለትህን ሰማሁ። ለጠየቅከኝ ሁለት ነገር መልሱ ይኸው።

አዎ፣ እማዬ ታውቃለች። እኔ አልነገርኳትም። ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ሰው መስታወቱን ከቦ አየች። ዓይኗ ስለደከመ ዳቦ ሻጯን «እስቲ አንብቢልኝ የኔ ልጅ» አለቻት። ዳቦ ሻጯ እማዬ ማን እንደሆነች አታውቅም፤ ጮክ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችላት። እማዬ አመስግናት፣ ዳቦዋን ይዛ መጣች። አራት ቀን አላናገረችኝም።

በአምስተኛው ቀን ልብስ ስናጥፍ፣ «ሰውዬውን ልትመቺ ልጄን ድንጋይ አደረግሽው» አለችኝ።

«ልጅሽ አባቴን ሸጦታል» አልኳት።

«አውቃለሁ። ሁለታችሁንም የወለድኩት እኔ ነኝ። ማን ምን እንደሆነ አንቺ አትነግሪኝም።»

አንሶላውን ጥላ ገባች። ደስታዬ እዚያች ላይ ተሰነጠቀ፤ ሌላ ቦታ አልተሰነጠቀም። ሰውዬው ከቤት አይወጣም አሉ፤ ልጆቹ መጋረጃውን ዘግተውበታል። ይዘጋበት።

«ልምጣ ወይ?» ላልከው፣ እኔን ከሆነ የጠየቅከኝ አትምጣ ነው የምለው። ገና ነኝ። የአልጋውን ሥር ሦስት ጊዜ ስትፈልግ በዓይነ ሕሊናዬ ይመጣብኛል፤ ያን ጊዜ እንኳን አንተን ማየት ስምህን መስማት አልችልም። ግን ጥያቄው ለእሷ ስለሆነ አነበብኩላት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝና «ጻፊለት» አለችኝ። እሷ እየነገረችኝ እንዲህ ጻፍኩ፦

«ማሙሽ፣ ቀጠሮው የካቲት 10 በሦስት ሰዓት ነው። ስትመጣ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ሂድ። ሰውዬው ፊት ቁም። ደብተሩን ለማን እንደሰጠህ፣ መቼ እንደሰጠህ፣ ውስጡ ምን ተብሎ እንደተጻፈ በአፍህ ተናገር። አባትህ በሰው ፊት ነው የተዋረደው፤ አንተም በሰው ፊት ተናገር። ይህን ሳታደርግ በሬን እንዳታንኳኳ፣ አልከፍትልህም። ስትጨርስ ና። ምሳ አቆይልሃለሁ።»

«ይኸው ነው?» አልኳት።



«ፈርቶ ለመመለስ ካሰበ ደግሞ መንገዱን አይቸገርበትም፤ አውቶቡሱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል በይው» አለችኝ።

ብዬሃለሁ።

እህትህ